ላም አለኝ በሰማይ፦ ቤተ መጻሕፍት ቤተ መጻሕፍት የሚሆነው መቼ ነው?

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1872፣ በእኛ አቆጣጠር በ1864 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ወደ ለንደን ደብዳቤ ላኩ። ዘውድ ከጫኑ ሰባት ወር ገደማ ቢሆናቸው ነው። ከጠየቋቸው ነገሮች አንዱ መጽሐፍ ነበር፤ ክብረ ነገሥት። ከአራት ዓመት በፊት የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ያሰባሰቧቸውን መጻሕፍት ጭኖ ሄዷል። ወደ 350 የሚሆኑት የብሪታንያ ሙዚየም ገብተዋል። ንጉሡ ያቀረቡት ምክንያት አጭር ነበር፦ የአገሬ ሕግ ያለው በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ነው፣ እሱ ከሌለ ሕዝቡ አይታዘዘኝም የሚል።

ሙዚየሙ ሲፈትሽ ከመቅደላ የመጡ ሁለት የክብረ ነገሥት ቅጂዎች አገኘ። አንዱን መለሰ፣ አንዱን አስቀረ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ስለ ተዘረፉ ቅርሶች ሲወራ ነው፤ መነሳቱም ተገቢ ነው። ነገር ግን ሌላም ቁም ነገር አለበት። ለዮሐንስ መጽሐፉ የሚሠራበት ነገር ነበር፤ ይነበባል፣ ይጠቀሳል፣ አገር ይተዳደርበታል። ለሙዚየሙ ደግሞ ቁጥር የተሰጠው፣ ትርፍ ቅጂ ያለው ንብረት ነበር። መጽሐፍ የሚቀመጥ ነገር ነው ወይስ የሚሠራበት? የዘመናዊ ቤተ መጻሕፍት ሙያ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ መልስ የመፈለግ ታሪክ ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ትላልቅ የንባብ ሕንጻዎች በሚመረቁበትና መጻሕፍት በዘመቻ በሚሰበሰቡበት ጊዜ፣ ጥያቄው የእኛም ጥያቄ ሆኗል።

ሰንሰለትና ግዝት

በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ መጽሐፍ በሰንሰለት ይታሰር ነበር። በእንግሊዝ አገር የሄርፎርድ ካቴድራል ይህን ዓይነቱን ቤተ መጻሕፍት ከነሰንሰለቱ እስከ ዛሬ ጠብቆ ያሳያል። የሰንሰለቱ አንድ ጫፍ በመጽሐፉ ሽፋን ላይ፣ ሌላው በመደርደሪያው ብረት ላይ ተያይዟል። አንባቢ መጽሐፉን አውርዶ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ማንበብ ይችላል፤ ይዞ መራቅ ግን አይችልም።

በኢትዮጵያ ሰንሰለቱ በቃል ነበር። በብራና መጻሕፍት መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ገጽ ላይ ይህን መጽሐፍ የሰረቀ፣ የፋቀ፣ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን የሚል ግዝት ይጻፋል። መጽሐፉ የሚቀመጠው ከመስቀሉ፣ ከጽንሐሑና ከልብሰ ተክህኖው ጋር በዕቃ ቤት ነው። ጠባቂው ቁልፉን የሚይዘው እንደ ንዋየ ቅድሳት ጠባቂ እንጂ እንደ አንባቢ አገልጋይ አይደለም።

ይህን አሠራር ኋላ ቀር ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም። አንድ መጽሐፍ ለማዘጋጀት የብዙ ፍየልና በግ ቆዳ፣ የወራት ወይም የዓመታት የጸሐፊ ድካም ይጠይቅ ነበር። ጠባቂዎቹ ባይጠነቀቁ ኖሮ ከጦርነት፣ ከእሳትና ከዘራፊ የተረፈው ሁሉ ዛሬ አይኖርም ነበር። ችግሩ ሌላ ነው፦ የኅትመት መኪና መጽሐፍን ርካሽ ካደረገው በኋላም የጠባቂነቱ ልማድ አልለቀቀም። ሰንሰለቱ ከብረት ወደ ደንብ ተለወጠ እንጂ አልተፈታም።

ስደተኛው ጣሊያናዊ

ሰንሰለቱን በደንብ መፍታት ከጀመሩት አንዱ አንቶኒዮ ፓኒዚ ነው። በትውልድ አገሩ ጣሊያን በምስጢር የፖለቲካ ማኅበር ተከሶ በሌለበት ሞት የተፈረደበት ስደተኛ ነበር። ለንደን ገብቶ በብሪታንያ ሙዚየም ተቀጠረ፤ እ.ኤ.አ. በ1837 የታተሙ መጻሕፍት ክፍል ኃላፊ ሆነ።

ፓኒዚ ለእንግሊዝ ፓርላማ አጣሪ ኮሚቴ የሰጠው ቃል ዛሬም በሙያው ይጠቀሳል። ሐሳቡ በአጭሩ ይህ ነው፦ ድሃው ተማሪ ዕውቀት ሲሻ በአገሩ እጅግ ሀብታም የሆነው ሰው ያለው ዕድል ይኑረው፤ ይህን ማሟላት ደግሞ የመንግሥት ግዴታ ነው። በጊዜው ይህ ድፍረት ነበር።

ሐሳቡን በሥራ የተረጎመው ግን በንግግር አይደለም፤ በካታሎግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 ባልደረቦቹን ይዞ 91 የካታሎግ ደንቦች አሳተመ። የደራሲ ስም እንዴት ይመዘገባል? ስም የሌለው መጽሐፍ በምን ይፈለጋል? አንዱ ሥራ በተለያየ ርእስ ቢታተም እንዴት ይገናኛል? ብዙዎች ተሳለቁበት፤ ታዋቂው ጸሐፊ ቶማስ ካርላይል ሳይቀር አምርሮ ተቃወመው። ዝርዝር ማዘጋጀት ይህን ያህል ደንብ ምን ያስፈልገዋል? የፓኒዚ መልስ ግልጽ ነበር፦ ሊገኝ የማይችል መጽሐፍ እንደሌለ ይቆጠራል።

የመቅደላ መጻሕፍት የገቡት እንግዲህ እንዲህ ያለ ደንብ ወዳለው ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1877 ዊልያም ራይት የሙዚየሙን የግዕዝ መጻሕፍት ካታሎግ አሳተመ። ከዚያ ወዲህ በበርሊን ወይም በፓሪስ የተቀመጠ ምሁር የትኛው የግዕዝ መጽሐፍ በየትኛው ቁጥር እንደሚገኝ አውቆ መሥራት ቻለ። መጻሕፍቱን የጻፉት፣ ያስጻፉትና የሚያነቡት ሰዎች ልጆች ግን የዝርዝሩንም መኖር አያውቁም ነበር። ካታሎግ ይህን ያህል ኃይል አለው። መጽሐፉን የያዘ ብቻ ሳይሆን መንገዱን የያዘም ባለቤት ይመስላል።

ቁጥሩና አድልዎው

የራይት ካታሎግ ከመታተሙ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1876፣ በአሜሪካ አንዲት 44 ገጽ ያላት መጽሐፍ ወጣች። አዘጋጇ የ24 ዓመቱ ሜልቪል ዱዊ ነበር። ከዚያ በፊት በብዙ ቤተ መጻሕፍት የመጽሐፍ ቁጥር የሚያመለክተው ቦታውን ነው፤ ይህ ክፍል፣ ያ መደርደሪያ፣ ሦስተኛው ረድፍ። መደርደሪያው ሲሞላ ሁሉም ነገር ይመሰቃቀላል። ዱዊ ቁጥሩን ከመደርደሪያው ነጥቆ ለመጽሐፉ ሐሳብ ሰጠው። ዕውቀትን በአሥር ክፍል፣ እያንዳንዱን እንደገና በአሥር ከፋፈለው። መጽሐፉ የትም ቢዛወር ከዘመዶቹ አይለይም። አንባቢም አንድ መጽሐፍ ፈልጎ ሲሄድ ጎኑ ያሉትን አምስት ያላሰባቸውን ያገኛል።

በዚያው ዓመት የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ሲመሠረት ዱዊ ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1887 ደግሞ በኮሎምቢያ ኮሌጅ የመጀመሪያውን የሙያው ትምህርት ቤት ከፈተ። ከ20ዎቹ ተማሪዎች 17ቱ ሴቶች ነበሩ፤ የኮሌጁ አስተዳደር ያልወደደው ነገር ነበር።

የዱዊ አሥር ክፍሎች ግን የአዘጋጃቸውን ዓለም ነው የሚመስሉት። በሃይማኖት ክፍል ከ220 እስከ 280 ያለው ለክርስትና ተሰጥቶ፣ እስልምናን ጨምሮ የቀረው ዓለም ሃይማኖት 290 ውስጥ ተጨናንቋል። በሥነ ጽሑፍ ክፍል የእንግሊዝኛ፣ የጀርመንኛ፣ የፈረንሳይኛና የሌሎችም የአውሮፓ ቋንቋዎች እያንዳንዳቸው ሰፊ ቤት አላቸው። አማርኛ ያለው 890 በሚባለው “የሌሎች ቋንቋዎች ሥነ ጽሑፍ” ጓዳ ሲሆን ቁጥሩም 892.87 ነው። ፍቅር እስከ መቃብርም፣ ትናንት የታተመ ልብ ወለድም እዚያው ጓዳ ይገባሉ።

ለቦስተን ቤተ መጻሕፍት ይህ ችግር ላይሆን ይችላል። ለደብረ ማርቆስ ወይም ለደሴ ቤተ መጻሕፍት ግን የራሱን ሥነ ጽሑፍ “ሌሎች” ብሎ መመዝገብ ነው። የሚገርመው የዱዊ ሥርዓት ራሱ ለአገር ውስጥ ሥነ ጽሑፍ አጭርና ቀዳሚ ቁጥር የመስጠት አማራጭ ትቷል። በሩ አለ፤ የሚገባበት ባለሙያ ያስፈልጋል።

ሰውየው ራሱም ከአድልዎ ንጹሕ አልነበረም። በሚያስተዳድረው የመዝናኛ ክለብ አይሁዶችንና ጥቁሮችን ያገልል ነበር፤ ሴቶችንም በማስቸገር ይከሰስ ነበር። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ2019 ስሙን ከትልቁ ሽልማቱ ላይ አንሥቷል። ሥርዓቱ ግን እስከ ዛሬ ይሠራል። መሣሪያን መጠቀምና መሣሪያውን ሳይመረምሩ መቀበል የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የካርኔጊ አሥር በመቶ

አንድሩ ካርኔጊ ከስኮትላንድ የመጣ የድሃ ሸማኔ ልጅ ነበር። በልጅነቱ በአሜሪካ ሲሠራ፣ አንድ ኮሎኔል ቅዳሜ ቅዳሜ የግል መጻሕፍቱን ለወዛደር ልጆች ያውስ ነበር። ካርኔጊ በብረት ኢንዱስትሪ ከበለጸገ በኋላ ውለታውን ለመክፈል በልዩ ልዩ አገሮች ከ2,500 በላይ ቤተ መጻሕፍት አሠርቷል።

ከቁጥሩ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ያስቀመጠው ቅድመ ሁኔታ ነው። ከተማው መሬት ያቅርብ፤ በተጨማሪም በየዓመቱ የስጦታውን አሥር በመቶ ለመጽሐፍ፣ ለደመወዝና ለጥገና ለመመደብ ይፈረም። በ50,000 ዶላር የተሠራ ሕንጻ በየዓመቱ 5,000 ዶላር ከከተማው ካዝና ይጠይቃል ማለት ነው። ይህን ግዴታ አንቀበልም ብለው ስጦታውን የመለሱ ከተሞች ነበሩ። ነጋዴው አንድ ነገር ገብቶት ነበር፦ ሕንጻ አንድ ጊዜ ይመረቃል፤ ቤተ መጻሕፍት ግን በየዓመቱ መሠራት አለበት።

አምስቱ ሕጎች

ሙያውን ሙሉ ሐሳብ ያደረገው ግን ከአሜሪካም ከአውሮፓም አልመጣም። ሺያሊ ራማምሪታ ራንጋናታን በደቡብ ሕንድ የሒሳብ መምህር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1924 የማድራስ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። ሥራው በመጀመሪያ አሰልቺ ሆነበትና ወደ ማስተማሩ ልመለስ ብሎ ጠየቀ። አስቀድመህ ለንደን ሄደህ ሙያውን ተማር ተባለ።

እንግሊዝ አገር ብዙ ቤተ መጻሕፍት እየዞረ ሲያይ፣ ሀብታሙም ድሃውም ሰፈር መጽሐፍ ሲዋስ ተመለከተ። ቅኝ ግዛት በሆነች አገሩ ይህ አይታሰብም ነበር። ተመልሶ የማድራሱን ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ለአንባቢ ክፍት አደረገው። እ.ኤ.አ. በ1931 ደግሞ የሙያውን አምስት ሕጎች የያዘ መጽሐፍ አሳተመ። ሕጎቹ ሲነበቡ ቀላል ይመስላሉ።

አንደኛ፦ መጽሐፍ ለአገልግሎት ነው።
ሁለተኛ፦ ለእያንዳንዱ አንባቢ የሚሆነው መጽሐፍ አለ።
ሦስተኛ፦ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ የሚሆነው አንባቢ አለ።
አራተኛ፦ የአንባቢን ጊዜ ቆጥብ።
አምስተኛ፦ ቤተ መጻሕፍት የሚያድግ ነገር ነው።

የመጀመሪያው ሕግ ብቻውን ብዙ ነገር ይፈርዳል። መጽሐፍ ለአገልግሎት ከሆነ ቤተ መጻሕፍቱ ሰው በሚመላለስበት ቦታ መሆን አለበት። ሠራተኛ ከሥራ፣ ተማሪ ከትምህርት በሚወጣበት ሰዓት ክፍት መሆን አለበት። መደርደሪያው እጅ የሚደርስበት መሆን አለበት። ሠራተኛው ደግሞ ቁልፍ ያዥ ሳይሆን መጽሐፉንም አንባቢውንም የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት። ሁለተኛው ሕግ ለሴቶች፣ ለገጠሩ ነዋሪ፣ ማየት ለተሳነው፣ ለእስረኛውም ይፈርዳል። አራተኛው በካርዱ፣ በወረፋውና በፊርማው ብዛት ላይ ይፈርዳል። ጠባቂ የነበረው ባለሙያ አገናኝ የሆነው በእነዚህ ዐረፍተ ነገሮች ነው።

ስማችን፣ ፊደላችንና ዘመን አቆጣጠራችን

ይህ ሁሉ ኢትዮጵያ ሲደርስ ምን ይሆናል? ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሳያልቅ በ1936 ዓ.ም. ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ሕዝቡ “ወመዘክር” የሚለው፣ ተቋቋመ። ዩኒቨርሲቲው የራሱን ስብስብ አደራጀ። እ.ኤ.አ. በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሲመሠረት ስለ አገሪቱ የተጻፈውን ሁሉ አንድ ቦታ የማሰባሰቡ ሥራ ተጠናከረ። ከውጭ የመጣው ደንብም ከኢትዮጵያ እውነታ ጋር መላተም ጀመረ።

መጀመሪያ ስም። የምዕራቡ ካታሎግ ደራሲን በቤተሰብ ስም ይመዘግባል። ሀዲስ አለማየሁን በዚያ መንገድ ብንመዘግብ “አለማየሁ፣ ሀዲስ” ይሆናል፤ መጽሐፉን የጻፉት አባታቸው ሊመስል ነው። ኢትዮጵያዊ የቤተሰብ ስም የለውም፤ ሁለተኛው ስም የአባት ነው። በብዙ ክርክርና ልምድ ዓለም አቀፉ የሙያ ደንብ ኢትዮጵያዊ ደራሲ በራሱ ስም እንዲመዘገብ ተቀብሏል፤ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሳይቀር የሚሠራው እንደዚያ ነው። ይህን የማያውቁ የመረጃ ቋቶች ግን ዛሬም ወንድምና እህትን እንደ አንድ ደራሲ፣ አንዱን ደራሲ እንደ ሁለት ሰው ይመዘግባሉ።

ቀጥሎ ፊደል። በኮምፒውተር ካታሎግ “ሀዲስ” ብሎ የጻፈ አንባቢ፣ መዝጋቢው “ሐዲስ” ወይም “ሃዲስ” ብሎ ከሆነ የመዘገበው፣ መጽሐፉ የለም ይባላል። ፀሐይ ስንት ዓይነት ይጻፋል? ሠ እና ሰ፣ ጸ እና ፀ፣ አ እና ዐ ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለማሽን ግን ልዩ ልዩ ፊደላት ናቸው። አንድ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት አንድ አድርጎ የሚፈልግ ሥርዓት መሥራት የማይቻል ነገር አይደለም። ካልተሠራ ግን መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሎ አንባቢው ባዶ እጁን ይመለሳል።

ሦስተኛ ዘመን። ፍቅር እስከ መቃብር የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር 1965 ነው ወይስ 1966? መዝጋቢው ወሩን ካላወቀ መልሱ “1965 ወይም 1966” ነው። ዓመቱን ሳይመልስ “1958” ብሎ ብቻ ቢተወው ደግሞ፣ የውጭው ተመራማሪ መጽሐፉን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያስረጀዋል።

እነዚህ ትንንሽ ነገሮች ይመስላሉ። ግን ጣጣውን የሚያውቅ፣ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ካልተቀመጠበት በስተቀር ከውጭ የተገዛ ሶፍትዌር አይፈታቸውም።

እንዲህ ያለ ሰው ምን መሥራት እንደሚችል ለማየት ጌታቸው ኃይሌን ማስታወስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ በአሜሪካ ሚኒሶታ ካለው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ጋር በመተባበር ተጀመረ። ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ተነሡ። ፊልም ግን ካታሎግ አይደለም፤ ምን እንደያዘ ካልታወቀ የተቆለፈ ሣጥን ነው። ፕሮፌሰር ጌታቸው በ1968 ዓ.ም. መጀመሪያ የደርግ ወታደሮች ቤታቸውን ከብበው በተኮሱት ጥይት ቆስለው ወገባቸው በታች ሽባ ሆኗል። ከዚያ ወደ ሚኒሶታ ሄዱ፤ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ለአሥርት ዓመታት ፊልሞቹን አንድ በአንድ እያነበቡ፣ ይዘታቸውን፣ ጸሐፊያቸውንና ዘመናቸውን እየለዩ መዘገቡ። ዛሬ በየትኛውም የዓለም ክፍል ያለ የግዕዝ ተማሪ በዚያ ካታሎግ ይመራል። ከመጻሕፍቱ መካከል ዋናው ቅጂ ከዚያ ወዲህ የጠፋ ቢኖር፣ ምስሉና መግለጫው ተርፏል።

ሕንጻው ከተመረቀ በኋላ

አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ ተመረቀ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ መጻሕፍት የመያዝ አቅም እንዳለው ተነገረ፤ ሕዝቡም መጽሐፍ እንዲለግስ ተጠርቶ ብዙዎች ለገሱ። ራንጋናታን ቢያየው ቦታውን ሳያደንቅ አያልፍም፤ በከተማው እምብርት፣ የትራንስፖርት መገናኛ አጠገብ ነው። ወጣቱም ገና በጠዋት መቀመጫ ለመያዝ ሲሰለፍ የንባብ ቦታ ምን ያህል ተርቦ እንደኖረ አሳይቷል።

ግን አንድ የቋንቋችን ነገር ይታሰብ። አንድ ተማሪ “ላይብረሪ ልገባ ነው” ሲል አብዛኛውን ጊዜ የሚለው ወንበርና ጸጥታ ፍለጋ ልሄድ ነው ነው። ሃንድአውቱን ይዞ ይገባል፣ ሃንድአውቱን አንብቦ ይወጣል። ከኋላው በመደርደሪያ ላይ ያሉት መጻሕፍት የግድግዳ ጌጥ ናቸው። ወንበር መስጠት ትልቅ አገልግሎት ነው፤ በጠበበ ቤት ለሚኖር ልጅ ደግሞ የሕይወት ጉዳይ ነው። ነገር ግን መጽሐፍና አንባቢ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው የሚውሉበት ቤት፣ ከአምስቱ ሕጎች የመጀመሪያውን ገና አላሟላም።

የልገሳ ዘመቻም የራሱ ጣጣ አለው። ሰው የሚለግሰው አብዛኛውን ጊዜ የማይፈልገውን መጽሐፍ ነው። የሚያጣራ፣ የሚመዘግብ፣ የማይረባውን የሚያስወግድ፣ የጎደለውን በገንዘብ የሚገዛ ባለሙያ ከሌለ ክምር ይሆናል እንጂ ስብስብ አይሆንም። መጽሐፍ በኩንታል አይለካም።

ስለዚህ የቤተ መጻሕፍት ዜና ሲሰማ ካሬ ሜትርና የመጽሐፍ ብዛት ከመጠየቅ በፊት ሌሎች ጥያቄዎች አሉ። በየዓመቱ ለአዲስ መጽሐፍ ስንት ብር ተመደበ? መጽሐፍ ወደ ቤት ያውሳል ወይስ መታወቂያ አስይዞ እዚያው ብቻ ያስነብባል? ካታሎጉ ከቤት ሆኖ በስልክ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ይፈለግበታል? ሠራተኞቹ በሙያው ሠልጥነዋል ወይስ ከሌላ ክፍል የተዛወሩ ናቸው? ክፍለ ከተማውና ወረዳው ዘንድስ ምን አለ? የፓኒዚ ድሃ ተማሪ አራት ኪሎ ብቻ አይኖርም፤ መተማም ጎዴም ይኖራል።

ከሁሉም የሚቀለው መለኪያ የአራተኛው ሕግ ነው፤ ሰዓት ብቻ ይጠይቃል። አንድ ልጅ በሩን ገብቶ የሚፈልገውን መጽሐፍ ስም ይናገር። መጽሐፉ እጁ እስኪገባ ስንት ደቂቃ ፈጀ? አምስት ደቂቃ ከሆነ አንድ ክፍል ያላት፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ የሆነ ቤትም ቤተ መጻሕፍት ናት። ሦስት ቀንና አራት ፊርማ ከፈጀ፣ ወይም “አለ፣ ግን አይወጣም” ከተባለ፣ ሕንጻው ምንም ያህል ቢያምር ነገሩ ያው አባቶች ያሉት ነው፦ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።